የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ፦ አሚያንና ካቴድራሏ

በሰሜን ፈረንሳይ፣ በሶም ወንዝ ዳር ስለምትገኘው የአሚያን ከተማ ከደረሱን ደብዳቤዎች መካከል ሦስቱን መርጠን መልስ ሰጥተንባቸዋል። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ጥያቄ፦ የተከበራችሁ አዘጋጆች፣ የምኖረው ብራስልስ ነው። በሐምሌ ወር ከባለቤቴ ጋር አሚያን ድረስ ሄደን ካቴድራሉን ጎብኝተን ነበር። የፊት ገጹ በሐውልት ብዛት ዓይን ያፈዛል፤ ውስጡ ግን ነጭና ባዶ ሆነብን፤ ቀደም ሲል በሌላዋ የፈረንሳይ ከተማ በሻርትር ካቴድራል ካየናቸው ባለቀለም መስኮቶች ጋር ስናስተያየውም ቅር ብሎን ወጣን። ይህን ያህል የሚወደሰው በምኑ ነው?

መልስ፦ ቅሬታዎ ምክንያት አለው። በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የተሠሩት የአሚያን ባለቀለም መስታወቶች በየዘመኑ እየጎደሉ ኖረዋል፤ ከተረፉትም ብዙዎቹ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ከመድፍ እንዲድኑ ተብሎ ከየመስኮታቸው ተነቅለው ተወሰዱ። የተቀመጡበት የመስታወት ሠሪ ቤት ግን በ1920 ተቃጠለና ከጦርነት የሸሸው ሀብት በሰላም ጊዜ ነደደ። ስለዚህ ያያችሁት ነጭ ብርሃን የመጀመሪያዎቹ ሠሪዎች ያሰቡት ብርሃን አይደለም።

ይሁን እንጂ አሚያንን በሻርትር ዓይን ማየት የሚገባ አይመስለንም፤ የሻርትር ክብር በመስታወቱ ከሆነ የአሚያን ክብር በድንጋዩ ነውና። የቀድሞው ካቴድራል በ1218 ከተቃጠለ በኋላ ጳጳሱ ኤቭራር ደ ፉዪዋ አዲሱን በ1220 ሲያስጀምሩ፣ የግንባታው መሪ ሮበር ደ ሉዛርሽ በዘመኑ ከተለመደው በተለየ ከመቅደሱ ሳይሆን ምእመናን ከሚቆሙበት ከምዕራቡ ክፍል ጀመረ፤ ይህም ክፍል በ1236 ገደማ ተጠናቀቀ። ከእርሱ በኋላ ቶማ ደ ኮርሞን፣ ቀጥሎም የቶማ ልጅ ረኖ ሥራውን ተረክበው መቅደሱን አቆሙ። ሌሎች ካቴድራሎች ትውልድ በተለዋወጠ ቁጥር መልካቸው ሲለዋወጥ፣ የአሚያን ዋና አካል በሃምሳ ዓመት ገደማ ስለቆመ ከዳር እስከ ዳር የአንድ ሰው አሳብ ይመስላል። ጣሪያውን የሚሸከሙት ቅስቶች ከወለሉ ከ42 ሜትር በላይ ከፍ ይላሉ፤ የሻርትር 37 ሜትር ገደማ ነው። ይህን ከፍታ በአንድ ደቂቃ ዕይታ መረዳት አይቻልም፤ በምዕራቡ በር ገብቶ ከዓምዶቹ በአንደኛው ሥር ቆሞ፣ ዓይንን ከወለሉ ጀምሮ በዝግታ ወደ ላይ መውሰድ ያስፈልጋል።

ድፍረቱ ዋጋ እንዳስከፈለም መዘንጋት የለበትም። የአሚያን ጎረቤት የሆነችው ቦቬ የበለጠ ከፍ ልበል ብላ ቅስቷን 48 ሜትር ብታደርሰው በ1284 ተደረመሰ። የአሚያን ባይወድቅም፣ ዓምዶቹ ከክብደቱ የተነሣ ወደ ጎን መገፋት ስለጀመሩ በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ሕንፃው በብረት ሰንሰለት ታስሯል፤ ሰንሰለቱም እስከ ዛሬ እዚያው አለ።

ለዚህ ሁሉ ወጪ ከተማዋን ካበለጸጓት ነገሮች አንዱ ሰማያዊ የጨርቅ ቀለም የሚወጣበት ቅጠል ንግድ ነበር። በደቡቡ የውጭ ግድግዳ ላይ ሁለት የቀለም ነጋዴዎች ጆንያቸውን በመካከላቸው አድርገው ተቀርጸዋል፤ ለእኛ ከብዙ ነገሥታት ሐውልት ይልቅ እነዚህ ሁለቱ ስለ ከተማዋ የሚናገሩት ይበልጣል።

ወደፊት የሚመለሱ ከሆነ ግን አንዲት ንግሥት አለች። ከሦስቱ የምዕራብ በሮች በስተቀኝ ያለው ለእመቤታችን የተሰጠ ሲሆን፣ በግራ ጎኑ ከሰብአ ሰገልና ከሄሮድስ ጋር ሰሎሞንና ንግሥተ ሳባ ቆመዋል። ቀራጮቹ ስለ አገሯ የሚያውቁት ነገር ስላልነበራቸው የዘመናቸውን የፈረንሳይ ንግሥት ልብስ አልብሰዋታል፤ በክብረ ነገሥት ያደገ ተመልካች ማክዳን በዚህ ልብስ ሲያይ ፈገግ ማለቱ አይቀርም።

ጥያቄ፦ የመጥምቁ ዮሐንስ ራስ በአሚያን አለ ሲባል ሰምቻለሁ። በእኛ ስንክሳር የተጻፈው ግን ሌላ ነው። ጉዳዩ እንዴት ነው? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ በካቴድራሉ የሚከበረው ሙሉ የራስ ቅል ሳይሆን የፊት አጥንት ነው። በ1204 የመስቀል ጦረኞች ቁስጥንጥንያን በዘረፉ ጊዜ ዋሎን ደ ሳርቶን የተባለ ካህን አግኝቶት በ1206 ወደ አሚያን አመጣው። ለካቴድራሉ ታላቅነት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው፤ ቅዱሱን አጽም ለመሳለም የሚጎርፈው ምእመን በአሮጌው ሕንፃ የሚበቃ አልነበረም። የጥንቱ የወርቅ ማኅደር በፈረንሳይ አብዮት ጊዜ የጠፋ ሲሆን አጽሙ ግን ተርፏል።

እውነተኛነቱን በተመለከተ ግን በደማስቆም በሮምም የመጥምቁ ራስ በእኛ ዘንድ ነው የሚሉ አሉ፤ በመካከላቸው ፍርድ የሚሰጥ ማስረጃ ደግሞ የለም። የእኛ ትውፊት በበኩሉ የዮሐንስ ራስ ክንፍ አውጥታ በዓረብ ምድር 15 ዓመት እንዳስተማረች ይናገራል። እርስዎ በየትኛው እንዲያምኑ ልንነግርዎ አንሻም። ሆኖም ወደ አሚያን ከሄዱ፣ ከመቅደሱ ዙሪያ በሰሜን በኩል በ1531 የተሠራውንና የዮሐንስን ታሪክ የሚያሳየውን ባለቀለም ቅርጽ ሳያዩ አይውጡ። በአንዱ ክፍል ሄሮድያዳ በማዕዱ ላይ የቀረበውን ራስ በቢላ ስትወጋ ይታያል፤ ይህ በወንጌል የለም፤ በአጽሙ ግንባር ላይ ያለው ቀዳዳ ከየት መጣ ለሚለው ጥያቄ የተሰጠ መልስ ነው። እምነትና ድንጋይ እንዲህ እርስ በርስ ሲተረጓጎሙ የሚታይበት ቦታ ብዙ አይደለም።

ጥያቄ፦ በነሐሴ ለሥራ ወደ ፓሪስ እሄዳለሁ። አሚያንን በአንድ ቀን አይቼ መመለስ እችላለሁ? ማታ ላይ ካቴድራሉን በብርሃን ያቀልሙታል የሚባለውስ እውነት ነው? (ከዋሽንግተን)

መልስ፦ ከፓሪስ ሰሜን ባቡር ጣቢያ እስከ አሚያን ከአንድ ሰዓት ተኩል በታች ነው፤ ከጣቢያው እስከ ካቴድራሉም በእግር ይደረሳል። ወደ ካቴድራሉ መግባት በነጻ ነው። የብርሃኑ ነገርም እውነት ነው፤ በ1990ዎቹ የፊት ገጹ በሌዘር ሲጸዳ በሐውልቶቹ ላይ የጥንት ቀለም ቅሪት ስለተገኘ፣ ያንን ቀለም በብርሃን መልሶ የማሳየት ትርዒት ተጀመረ። ትርዒቱ የሚቀርበው በአውሮፓ የበጋ ወራትና በገና ሰሞን ነው። ችግሩ በነሐሴ የሚመሸው ዘግይቶ በመሆኑ ትርዒቱን አይቶ በባቡር መመለስ ያዳግታል፤ ስለዚህ እዚያው ቢያድሩ እንመክራለን።

ያደሩ እንደሆነ ጠዋቱን ለኦርቲዮናዥ ይስጡት። ይህ በረግረጉ ላይ በቦይ ተከፋፍሎ የተዘረጋ 300 ሄክታር ያህል የአትክልት ስፍራ ሲሆን፣ አትክልተኞቹ ጎመኑንና ሽንኩርቱን በጀልባ ወደ ገበያ ያወርዱበት ነበር፤ ዛሬ ጎብኚው በኤሌክትሪክ በሚሄድ ዝምተኛ ጀልባ ይዞርበታል። ደራሲው ዡል ቨርን ብዙ ዓመት የኖረበት ቤትም ሙዚየም ሆኗል፤ ጊዜ ካጠረዎት ግን እርሱን ትተው ጀልባውን ይምረጡ። ለምግብ ያህል፣ የአካባቢው ስመ ጥር ምግብ ፊሴል ፒካርድ የአሳማ ሥጋና ክሬም ስለሚገባበት ለብዙ አንባቢዎቻችን የሚሆን አይደለም። ከአልሞንድ ለውዝና ከማር የሚሠራው የአሚያን ማካሮን የተባለው ጣፋጭ ብስኩት ግን፣ እንቁላል ስላለበት በጾም ባይበላም፣ በሌላው ጊዜ ጣዕሙ ደኅና ነው፤ በመደብር መስኮት ያሸበረቀውን የፓሪሱን ዓይነት ሳይሆን ቡናማ መልክ ያለውን ይጠይቁ።