የስልክ ድርጅቱ ሲዘጋ መጀመሪያ ቁጥሩን ያድኑ

ጥያቄ፦ እኔ የምኖረው ዉድብሪጅ፣ ቨርጂኒያ ነው። እናቴ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ብቻዋን ትኖራለች። ላለፉት 14 ዓመታት የምትጠቀመው የኢንተርኔት ስልክ ነው። አገልግሎቱን የሚሰጠው አነስተኛ ድርጅት በወሩ መጨረሻ ሥራ እንደሚያቆም በኢሜይል አሳውቆናል። ስልኩን ከኢንተርኔት የሚያገናኘው መሣሪያ ግራንድስትሪም ኤችቲ802 ይባላል። ለሌላ ድርጅት ላዘጋጀው ብዬ የጀርባውን ትንሽ ቁልፍ በመርፌ ተጫንኩና ሁሉንም አጠፋሁ። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ግን ራሱን እንደ ድሮው አድርጎ ተነሣ፤ የማስተካከያ ገጹም በማላውቀው የይለፍ ቃል ተቆልፏል። ስልኩ ለጊዜው ይሠራል። መሣሪያውን ልጣለው ወይስ የሚከፈትበት መንገድ አለ? እናቴ የእጅ ስልክ መልመድ አልሆነላትም፤ አገር ቤት ያለው ዘመድ ሁሉ የሚያውቀውም ይህንኑ ቁጥር ነው።

መልስ፦ ወንድሜ፣ መሣሪያው እንደ ድሮው ሆኖ መነሣቱ ለእርስዎ በጎ ነገር ነው። እባክዎ ከእንግዲህ አይንኩት፤ ገመዱንም ሳይነቅሉ ባለበት ይተዉት። አሁን መዳን ያለበት ቁጥሩ ነው። መሣሪያ በ50 ዶላር አካባቢ ይገዛል። ለ14 ዓመታት በየዘመዱ ደብተር የተጻፈ ቁጥር ግን አንዴ ካመለጠ ለሌላ ሰው ሊሰጥ ይችላል፤ ያኔ እናትዎን ፈልጎ ከአገር ቤት የሚደውል ሰው የማያውቀው ድምፅ ይመልስለታል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ድርጅቱ ሊዘጋ ነው ሲባል ደውሎ ውሉን ያቋርጣል፤ ከዚያ አዲስ ድርጅት ዘንድ ሄዶ «የድሮ ቁጥሬን አምጡልኝ» ይላል። የሚዛወረው ግን በሥራ ላይ ያለ ቁጥር ነው። ውል ከተቋረጠ የሚዛወር ነገር የለም። ስለዚህ ስለ ማቋረጥ ለድሮው ድርጅት ምንም አይንገሩት። አዲሱን ይምረጡ፣ ሒሳብ ይክፈቱ፣ የማዛወሪያውን ጥያቄ አዲሱ ድርጅት ራሱ ያቅርብ።

ሳይቀድሙ መቀደም ምን እንደሚያስከትል እዚሁ አካባቢያችን ታይቷል። ቪየና፣ ቨርጂኒያ ላይ የነበረው ሰንሮኬት የሚባል የኢንተርኔት ስልክ ድርጅት እ.ኤ.አ. በጁላይ 2007 በድንገት ሲዘጋ ከ200 ሺህ በላይ ደንበኞች ነበሩት፤ ብዙዎቹ የዓመቱን ክፍያ 199 ዶላር አስቀድመው የከፈሉ ናቸው። በዚያው ዓመት መጨረሻ የፌዴራል የመገናኛ ኮሚሽን ቁጥር የማዛወር ግዴታ የኢንተርኔት ስልክ ድርጅቶችንም እንዲመለከት ወሰነ። በ2009 ደግሞ አገልግሎት የሚያቋርጥ ድርጅት ለደንበኞቹ አስቀድሞ ማሳወቅ እንዳለበት ተደነገገ። ለእርስዎ የደረሰው ኢሜይል ከዚህ የመጣ ነው። በእጅዎ ያሉትን ቀናት ይጠቀሙባቸው።

ዛሬውኑ የድሮውን ድርጅት ድረ ገጽ ከፍተው የመጨረሻውን ደረሰኝ አውርዱና አስቀምጡ። የሒሳብ ቁጥሩን፣ የማዛወሪያ ሚስጥር ቁጥሩን፣ ሒሳቡ የተከፈተበትን ስምና አድራሻ ያስፈልግዎታል። ድርጅቱ ሲዘጋ ድረ ገጹም አብሮ ይጠፋል። ስምና አድራሻው በማዛወሪያ ቅጹ ላይ የሚጻፈው ደረሰኙ ላይ እንዳለው ነው። ሒሳቡ በእርስዎ ስም ከሆነ የእናትዎን ስም አይጻፉ፤ «ጎዳና» የሚለው ቃል ደረሰኙ ላይ አጥሮ ከተጻፈ እናንተም አሳጥሩት። በዚህ ብቻ ጥያቄው ውድቅ ሆኖ ሳምንት የባከነባቸው ደንበኞች አሉኝ። ደንቡ ቀላል የሆነው ዝውውር በአንድ የሥራ ቀን ይለቅ ቢልም፣ ከትናንሽ ድርጅቶች ሲወጣ ከሳምንት በላይ የፈጀበትን ጊዜ አይቻለሁ። እስከ ወሩ መጨረሻ አይጠብቁ። ድርጅቱ አልለቅም ካለ ወይም መልስ ከነፈገ ለኮሚሽኑ አቤቱታ ማቅረብ ይቻላል፤ ክፍያ የለውም።

አዲስ ድርጅት ሲመርጡ አንድ ነገር በግልጽ ይጠይቁ፦ «የራሴን መሣሪያ ይዤ መምጣት እችላለሁ? የሲፕ የተጠቃሚ ስምና የይለፍ ቃል በእጄ ትሰጡኛላችሁ?» ሲፕ የኢንተርኔት ስልክ ከድርጅቱ ጋር የሚነጋገርበት ቋንቋ ነው። አንሰጥም ካሉ ይለፏቸው። የራሳቸውን የተቆለፈ ሳጥን ሊልኩልዎ ነው፤ እነርሱም ነገ ቢዘጉ ይህንኑ ጥያቄ እንደገና ይጽፉልኛል።

አሁን ወደ መሣሪያው። ይህ መሣሪያ፣ ማለትም አዳፕተሩ፣ የተለመደውን የስልክ ገመድ ከኢንተርኔት የሚያገናኝ ትንሽ ኮምፒውተር ነው። በተነሣ ቁጥር ወደ ድርጅቱ ሰርቨር ሄዶ «ምን ልሁን?» ብሎ ይጠይቃል፤ የሰርቨሩን አድራሻ፣ የተጠቃሚ ስሙን፣ የይለፍ ቃሉን ከዚያ አውርዶ ራሱን ያስተካክላል። እርስዎ በመርፌ ያጠፉት ማስተካከያ የተመለሰው በዚህ መንገድ ነው። ያጠፉት ከኢንተርኔት ጋር እንደተያያዘ ስለነበር ሄዶ እንደገና አወረደው፤ መቆለፊያውም አብሮ መጣ።

መፍትሔው ቀላል ነው፤ የሚሠሩት ግን ቁጥሩ ከተዛወረ በኋላ ብቻ ነው። የራውተሩን ገመዶች ይመልከቱ። ከግድግዳው ወይም ከሞደሙ መጥቶ ኢንተርኔት የሚያስገባውን አንዱን ገመድ ብቻ ይንቀሉ። ራውተሩና አዳፕተሩ እንደበሩ ይቆዩ። እንዲህ ሲሆን አዳፕተሩ ከራውተሩ አድራሻ ያገኛል፣ ወደ ድሮው ሰርቨር ግን መድረስ አይችልም። አሁን በመርፌ ቁልፉን ለ7 ሰከንድ ያህል ይጫኑ። ቁልፉ ካልታዘዘ በስልኩ በኩል መሞከር ይቻላል። እጀታውን አንሥተው ሦስት ጊዜ ኮከብ ይጫኑ፤ የሴት ድምፅ ትመልሳለች። 99 ብለው ከመሣሪያው ሆድ ሥር የተለጠፈውን ባለ 12 ፊደልና አኃዝ መለያ ያስገቡ። አኃዞቹ እንዳሉ ናቸው። ፊደላቱ ግን ኤ 22፣ ቢ 222፣ ሲ 2222፣ ዲ 33፣ ኢ 333፣ ኤፍ 3333 ሆነው ይጻፋሉ። መለያው 000ቢ8200ኢ395 ቢሆን የሚጫኑት 0002228200333395 ነው። መጀመሪያ በወረቀት ላይ ጽፈው ቢጫኑ ይሻላል። ድርጅቱ ይህንንም በር ዘግቶት ከሆነ፣ ሳይበተን በፊት መሣሪያውን እንዲከፍትልዎ በጽሑፍ ይጠይቁ። ሥራ የሚያቆም ድርጅት ለዚህ ብዙም አይከለክልም።

ሲነሣ እንደገና ሦስት ኮከብ፣ ከዚያ 02። ድምፅዋ የመሣሪያውን አድራሻ በቁጥር ትነግርዎታለች፤ 192.168.1.14 የመሰለ። ከዚያው ራውተር ጋር በተገናኘ ኮምፒውተር ላይ ይህን አድራሻ በማሰሻው ላይ ይጻፉ። የይለፍ ቃሉ በቆዩት መሣሪያዎች «አድሚን» ነው፤ በአዳዲሶቹ ከሥር በተለጠፈው ወረቀት ላይ ታትሟል። ሲገቡ ከሁሉ በፊት «ኮንፊግ ሰርቨር ፓዝ» የሚለውን መስክ ባዶ ያድርጉና የይለፍ ቃሉን ወደ ራስዎ ይቀይሩ። ከዚህ በኋላ የኢንተርኔቱን ገመድ ይመልሱ።

በ«ኤፍኤክስኤስ ፖርት 1» ገጽ ላይ የሚሞሉት ጥቂት ነው። በ«ፕሪመሪ ሲፕ ሰርቨር» የአዲሱ ድርጅት አድራሻ፣ በ«ሲፕ ዩዘር አይዲ» እና በ«ኦተንቲኬት አይዲ» የተሰጠዎት ስም፣ ከሥራቸው የይለፍ ቃል። ከኢሜይል ሲገለብጡ መጨረሻ ላይ ባዶ ቦታ አብሮ እንዳይገባ ይጠንቀቁ፤ ዐይን አያየውም፣ ሰርቨሩ ግን ይከለክላል። አስቀምጠው መሣሪያውን ካስነሡ በኋላ የሁኔታ ገጹ «ሬጂስተርድ» ማለት አለበት።

እርስዎ ዉድብሪጅ፣ እናትዎ ሲልቨር ስፕሪንግ ስለሆኑ የእኔ ምክር ሁለተኛ መሣሪያ እንዲገዙ ነው። አንድ መስመር ብቻ ያለው ኤችቲ801 ይበቃል። አዲሱ ድርጅት ጊዜያዊ ቁጥር ይሰጥዎታል፤ በእርጋታ በቤትዎ አስተካክለው፣ ሞክረው፣ ወስደው ይተክሉላቸዋል። የድሮው ሳጥን እስከ ዝውውሩ ቀን ሥራውን ይቀጥላል፤ በኋላ ይከፈትና መጠባበቂያ ይሆናል። ሲተክሉ አዳፕተሩን በቀጥታ ከስልኩ ጋር ብቻ ያገናኙት። ግድግዳ ላይ ባለው የስልክ ሶኬት አይሰኩት፤ የቀድሞው የስልክ ኩባንያ መስመር ሕያው ከሆነ የደወሉ ኤሌክትሪክ 90 ቮልት አካባቢ ስለሚደርስ ያቃጥለዋል።

ደውለው እርስዎ ይሰማሉ፣ እናትዎ ግን አይሰሙም፤ ወይም በተቃራኒው። ይህ ካጋጠመ አዳፕተሩን አይውቀሱ። ራውተሩ ውስጥ ገብተው «ሲፕ ኤኤልጂ» የሚባለውን ያጥፉ። ለመርዳት ተብሎ የተሠራ ነገር ነው፤ በስልኩ መልእክቶች ውስጥ ያሉትን አድራሻዎች እየቀየረ ድምፁ መንገድ እንዲስት ያደርጋል። ፈጣን ኢንተርኔት መግዛትም አያስፈልግም። አንድ የስልክ ንግግር በአንድ አቅጣጫ 90 ኪሎቢት በሰከንድ ያህል ብቻ ነው የሚወስደው።

ከዚህ በታች ያለው በመመሪያው ላይ አያገኙትም። አሌክሳንድሪያ ውስጥ አንዲት እናት «ኢትዮጵያ አልገባ አለኝ» እያሉ ሦስት ጊዜ ጠሩኝ። እኔ ስደውል ይገባል፣ እርሳቸው ሲደውሉ አይገባም። በሦስተኛው ቀን አጠገባቸው ተቀምጬ እንዲደውሉ ጠየቅኋቸው። መነጽራቸውን አደረጉ፣ ደብተራቸውን ገለጡ፣ 011 251 ብለው ጫኑ፣ እጃቸውን አንሥተው ቀጣዩን ቁጥር በጣታቸው ከመስመሩ ላይ ፈለጉ። እርሳቸው ገና ሲፈልጉ መሣሪያው ያልተሟላውን ቁጥር ልኮታል። ግራንድስትሪም ከፋብሪካ ሲወጣ በተደረገለት ማስተካከያ 4 ሰከንድ ጸጥታ ካየ «ጨርሷል» ብሎ ይደውላል። «ኖ ኪ ኤንትሪ ታይምአውት» የሚለውን 4 ወደ 9 ቀየርኩት፤ ሲጨርሱም የፓውንድ ምልክቱን እንዲጫኑ አሳየኋቸው፤ ምልክቱ ሳይጠብቅ ወዲያው ያስደውላል። ለእናትዎ ይህን ሳያደርጉ እንዳይወጡ። በደብተራቸውም ላይ የአገር ቤቱን ቁጥር ሙሉ አድርገው በትልቁ ይጻፉላቸው፦ 011፣ 251፣ ከዚያ መነሻው ዜሮ ተነሥቶ 9 አኃዝ።

ብዙ ድርጅቶች የውጭ አገር ጥሪን ዘግተው ይጀምራሉ፤ እንዲከፈት ይጠይቁ፣ ነገር ግን ለኢትዮጵያ ብቻ ይሁን፣ የወር ጣሪያም ያስቀምጡ። ወደ ኢትዮጵያ የደቂቃ ዋጋ ከብዙ አገሮች ይበልጣል፤ የይለፍ ቃል የሰረቀ ሰውም በአንድ ሌሊት ሒሳብዎን ወደ ውድ ቁጥሮች ሲደውልበት ሊያድር ይችላል። የመሣሪያውን ገጽ ከውጭ እንዲታይ አድርገው በራውተሩ ላይ በር አይክፈቱለት።

አድራሻ! ይህን ሁለት ጊዜ ያንብቡልኝ። የኢንተርኔት ስልክ የት ቤት እንዳለ ራሱ አያውቅም። እናትዎ 911 ቢደውሉ አምቡላንሱ የሚላከው በሒሳቡ ላይ ለአስቸኳይ አገልግሎት ወደተመዘገበው አድራሻ ነው። ሒሳቡን ዉድብሪጅ ሆነው ሲከፍቱ የራስዎን አድራሻ ከሞሉ አምቡላንሱ ወደ እርስዎ ቤት፣ ወደ ቨርጂኒያ ይሄዳል። የክፍያው አድራሻ የእርስዎ ይሁን፤ የ911 አድራሻ ግን የእናትዎ፣ ከነአፓርታማ ቁጥሩ። በብዙ ድርጅቶች ከስልኩ ላይ 933 ሲደወል የተመዘገበውን አድራሻ ያነብልዎታል። ከእናትዎ ስልክ ደውለው በጆሮዎ ይስሙት። መብራት ሲጠፋ ስልኩም አብሮ ስለሚጠፋ ለራውተሩና ለአዳፕተሩ አንድ መጠባበቂያ ባትሪ ይግዙላቸው።

የዝውውሩ ቀን ሲደርስ አንድ ነገር ያሳስትዎታል። ቁጥሩ ወደ አዲሱ ድርጅት ከሄደ በኋላም የድሮው ሳጥን የመስመር ድምፅ ሊሰጥ፣ እንዲያውም ወደ ውጭ ሊያስደውል ይችላል። ስለዚህ እጀታውን አንሥተው በመስማት አይፍረዱ። አገር ቤት ያለ ዘመድ በቁጥሩ እንዲደውል ያድርጉ፤ ሁለት መሣሪያዎች፣ ሁለት ስልኮች ጎን ለጎን ይሁኑ። አዲሱ ከጮኸ የእናትዎን ስልክ ገመድ ከድሮው ሳጥን ነቅለው ወደ አዲሱ ይሰኩት። ውሉን የሚያቋርጡት ያኔ ነው።