አባቴ ሳይቆርብ ሞተ፤ ጸሎታችን ይደርስለታል?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? ጅማ ከተማ የምኖር የተዋሕዶ ልጅ ነኝ። አባታችን በሰቃ በኩል ቡና አምራች ነበር፤ በቅርቡ በድንገት ዐረፈ። ይጾማል፣ በዓል ያከብራል፣ ቤተ ክርስቲያን ይሳለማል፤ ነገር ግን ከልጅነቱ ወዲህ አልቆረበም። «ንስሓ እገባለሁ» እያለ ሲያሳድር ሞት ቀደመው። አክስቴ «አርባው በሰፊው ካልወጣ ነፍሱ አታርፍም» ብላ ገና ያልተለቀመውን ቡና አስይዘን እንድንበደር ትፈልጋለች። ወደ ፕሮቴስታንት የሄደው ታናሽ ወንድሜ ደግሞ «ሰው ከሞተ አለቀ፤ ጸሎቱም ተዝካሩም ከንቱ ነው» ብሎ ለፍትሐቱ እንኳ አልቆመም። ነፍስ ከሞተች በኋላ ትድናለች ወይ? እኔስ ምን ላድርግ?

መልስ፦ ውድ እኅቴ፣ እግዚአብሔር ያጽናሽ። የአባትሽን ነፍስ በአብርሃም፣ በይስሐቅና በያዕቆብ አጠገብ ያሳርፍልን።

ልብሽ እንዳይንጠለጠል መልሱን አስቀድሜ ልንገርሽ። ሰው ከሞተ በኋላ ራሱ ንስሓ የሚገባበት፣ ራሱ የሚመጸውትበት ጊዜ የለውም። እኛ በሕይወት ያለነው ስለ እርሱ የምናቀርበው ጸሎት፣ ቅዳሴና ምጽዋት ግን ከንቱ አይደለም። ተበድራችሁ ድግስ አትደግሱ።

ወንድምሽ የሚጠቅሳቸው ቃላት የእኛም ቃላት ናቸው። «ለሰዎችም አንድ ጊዜ መሞት ከእርሱ በኋላም ፍርድ እንደ ተመደበባቸው» የሚለውን የዕብራውያን መልእክት (9፥27) እኛም እናነባለን። በሉቃስ 16 ባለጠጋው ሰው በነበልባል ውስጥ ሆኖ አልዓዛር ጣቱን በውኃ ነክሮ እንዲያበርድለት ሲለምን፣ አብርሃም በመካከላቸው ታላቅ ገደል እንደ ተደረገ ነገረው። ይህን የሚያለሳልስ ትምህርት ብትሰሚ አትቀበዪ። በአራተኛው መቶ ዓመት በሶርያ የተጠናቀረው የሐዋርያት ሥርዓት ስለ ሙታን መታሰቢያ ካዘዘ በኋላ፣ ይህ የተነገረው በእምነት ስላረፉት ነው፤ እግዚአብሔርን ክዶ ለሞተ ሰው ግን የዓለሙን ሀብት ሁሉ ለድሆች ብትሰጥለት አትጠቅመውም ይላል። ስለ ሙታን መጸለይን የሚያዝዘው ያው መጽሐፍ ነው እንግዲህ ይህን የሚለው።

ወንድምሽ የሚዘልለው አንድ ነገር ግን አለ። የመጨረሻው ፍርድ ገና አልተሰጠም። ሰው ሲሞት ነፍሱ እንደ ሥራዋ ወደ ገነት ወይም ወደ ሲኦል ትሄዳለች፤ መንግሥተ ሰማያትና ገሃነመ እሳት ግን የሰው ልጅ በክብሩ ሲመጣ፣ ሙታን ሲነሡ፣ በጎችና ፍየሎች ሲለዩ የሚከፈሉ ናቸው (ማቴ. 25)። በዚህ መካከል ስላለችው ነፍስ ቤተ ክርስቲያን ፈጣሪዋን «ማራት» ብላ ትለምናለች እንጂ «ይቺ ወጣች፣ ያቺ ቀረች» ብላ አትመዘግብም። እኛ የምንለምነው ፈራጁን ነው፤ እርሱ ደግሞ የሕያዋን አምላክ ነው፤ ሁሉ ለእርሱ ሕያዋን ናቸው (ሉቃ. 20፥38)።

ቅዱስ ጳውሎስ በእስራቱ ስለ ጎበኘው ስለ ሄኔሲፎሩ የጻፈውን ወንድምሽ አብሮሽ ያንብበው። በ2ኛ ጢሞቴዎስ 1 ላይ ሐዋርያው ምሕረትን የሚለምነው፣ በምዕራፍ 4 ላይም ሰላምታ የሚያቀርበው ለሰውየው «ቤተ ሰዎች» ነው፤ ስለ ራሱ ስለ ሄኔሲፎሩ ሲናገር ግን ያለፈ ሥራውን ካወሳ በኋላ «በዚያን ቀን» ከጌታ ምሕረትን እንዲያገኝ ይጸልያል። ብዙ ተርጓሚዎች ሰውየው በዚያ ጊዜ ዐርፎ እንደ ነበር ይረዳሉ። ሰባኪዎቻችን የአይሁድ ጦር መሪ የነበረው ይሁዳ መቃቢስ ለወደቁት ወታደሮቹ መሥዋዕት እንዲቀርብላቸው 2,000 የብር ድራህም ወደ ኢየሩሳሌም መላኩንም ይጠቅሳሉ፤ እውነት ነው፣ ግን ታሪኩ ያለው በግሪኩ ሁለተኛ መቃብያን ምዕራፍ 12 ነው። የግእዙ መጽሐፈ መቃብያን ሌላ መጽሐፍ ስለ ሆነ በእርሱ ፈልገሽ ብታጪው አትደንግጪ።

የኢየሩሳሌሙ ቅዱስ ቄርሎስ በ4ኛው መቶ ዓመት አዲስ ተጠማቂዎችን ሲያስተምር ይህንኑ ያንቺን ጥያቄ የሚጠይቁ እንደ ነበሩ ይናገራል። መልሱ በምሳሌ ነበር፦ ንጉሥ የበደሉትን ሰዎች በግዞት ቢሰድድ፣ ዘመዶቻቸውም አክሊል ጎንጉነው ስለ እነርሱ ለንጉሡ ቢያቀርቡ፣ ቅጣቱን አያቀልላቸውም ወይ? እኛ ግን አክሊል አንጎነጉንም፤ ስለ ኃጢአታችን የተሠዋውን ክርስቶስን እናቀርባለን አለ። ለዚህ ነው ከሁሉ በላይ ቅዳሴውን የምንይዘው። ቅዱስ ዮሐንስ አፈ ወርቅም የቆሮንቶስን መልእክት ሲተረጉም ኢዮብን ያነሣል፤ ኢዮብ ስለ ልጆቹ መሥዋዕት አቅርቦ ካነጻቸው፣ እኛም ስላንቀላፉት ስናቀርብ መጽናናትን እንደሚያገኙ አትጠራጠሩ ይላል።

ሌሎቹ ክርስቲያኖች ምን እንደሚሉ ስላልጠየቅሽኝ በአጭሩ ልለፈው። ካቶሊኮች በጸጋ ሞተው ገና ፈጽመው ያልነጹ ነፍሳት የሚነጹበት ሁኔታ አለ ይላሉ፤ በፍሎሬንስ (1439) እና በትሬንት (1563) ጉባኤዎቻቸው ወስነውታል። እነርሱም ቢሆኑ ይህን ለከሃዲ የተሰጠ ሁለተኛ ዕድል አያደርጉትም። ማርቲን ሉተር በ1517 የተነሣው በዚህ ስም ይሸጥ በነበረው የይቅርታ ወረቀት ላይ ነው፤ የወንድምሽ ቤተ እምነት ጥንቃቄም ከዚያ የወረደ ነው። እኛ የማንጻት ሥፍራ የሚባል ሦስተኛ ቦታ አናስተምርም። በመጨረሻ ሁሉም፣ ሰይጣንም ሳይቀር፣ ይድናል የሚለውን በጥንቱ የእስክንድርያ መምህር በአርጌንስ ስም የሚነገረውን ትምህርትም በ400 ዓ.ም. ገደማ የእስክንድርያው ፓትርያርክ ቴዎፍሎስ አውግዞታል።

«ክርስቶስ ወርዶ በወኅኒ ላሉ ነፍሳት ሰበከ» የሚለው የጴጥሮስ ቃል (1ኛ ጴጥ. 3፥19) ለዚህ ጉዳይ ሲጠቀስ እሰማለሁ። ጌታ በሞቱ ወደ ሲኦል ወርዶ አዳምንና ልጆቹን ነጻ ማውጣቱ የእምነታችን መሠረት ነው። ይህ ግን አንድ ጊዜ የተፈጸመ የማዳን ሥራ ነው፤ «ዛሬ እንደ ፈለግሁ ልኑር፣ እዚያ ይሰበክልኛል» ለሚል ሰው ተስፋ አይሆንም። የበላዔ ሰብእም ታሪክ እንደዚሁ ነው። 78 ሰው የበላው ሰው በእመቤታችን አማላጅነት ዳነ ብለን በኪዳነ ምሕረት እንሰማለን፤ ለመዳኑ ምክንያት የሆነችውን ጥርኝ ውኃ ለተጠማው የሰጠው ግን በሕይወት ሳለ፣ በገዛ እጁ ነው።

ወደ አባትሽ ልመለስ። ሳይቆርቡ መሞት ቀላል ነገር ነው ብዬ አላጽናናሽም፤ ጌታ ሥጋዬን ካልበላችሁ ደሜን ካልጠጣችሁ በራሳችሁ ሕይወት የላችሁም ብሏል (ዮሐ. 6፥53)። ነገር ግን አባትሽ አልካደም፣ ንስሓን ይመኝ ነበር፣ ይጾም ነበር። በመጨረሻዋ ሰዓት በእርሱና በአምላኩ መካከል የሆነውን አንቺም እኔም አላየንም፤ በቀኙ የተሰቀለውን ወንበዴ ከመስቀሉ ግርጌ ሆኖ ያየ ሰው ሁሉ ጠፋ ይለው ነበር። ስለዚህ «ሲኦል ነው» አትበዪ፣ ማንም ሲል ብትሰሚም አትቀበዪ። «ገነት ገብቷል፣ ጸሎት አያስፈልገውም» ማለትም የእኛ ድርሻ አይደለም። የእኛ ድርሻ መለመን ነው።

እስቲ አንድ ነገር ልጠይቅሽ፤ አንቺ ትቆርቢያለሽ? ይህን የምለው ላሳዝንሽ አይደለም። በሰሙነ ሕማማት ጸሎተ ፍትሐት ስለማይደረግ ቤተ ክርስቲያን በሆሣዕና ዕለት በሳምንቱ ለሚሞቱት አስቀድማ ፍትሐት ታደርሳለች። ዘንባባ ይዘን የቆምን ሁሉ፣ ገና በእግራችን ሳለን፣ የተፈታንበት ጸሎት ነው። በከተማችን ሳይቆርብ ለሞተ ዘመዱ አርባ ቀን ሙሉ የሚያለቅስ፣ ራሱ ግን የንስሓ አባቱን ስልክ የማይደውል ብዙ ሰው አውቃለሁ፤ ይህ ዘወትር ያሳዝነኛል። ለአባትሽ ከምታደርጊው ሁሉ እርሱ ሲያሳድር የኖረውን አንቺ ዘንድሮ መፈጸምሽ ይበልጣል።

አሁን ስለ ተዝካሩ። ሣልስቱ፣ ሰባቱ፣ ዐሥራ ሁለቱ፣ ሠላሳው፣ አርባው፣ ሰማንያው፣ መንፈቁና ዓመቱ የቤተ ክርስቲያን ሥርዓት እንጂ የሰፈር ፈጠራ አይደሉም። ሦስተኛው ቀን የጌታን ትንሣኤ፣ ሠላሳው እስራኤል ለሙሴ ያለቀሱለትን ወራት (ዘዳ. 34፥8)፣ አርባው ዕርገቱን ያሳስበናል። በእነዚህ ቀናት የሚፈለገው ጸሎት፣ ቅዳሴና ለድሃ የሚሰጥ ምግብ ነው። ድንኳኑ፣ ፍሪዳው፣ የጠላው ጋን፣ እኛ ጅማ ደግሞ ሙስሊም ጎረቤቶቻችን እንዳይቀሩብን ለብቻ የሚታረደው ሁለተኛው ሰንጋ፣ ይህ ሁሉ የሰው ወግ ነው። ወጉን አልንቅም፤ ሬሳ ተሸክሞ የቀበረን ጎረቤት ማመስገን ተገቢ ነው። ግን ጎረቤቶቻችሁ ዳቦና ቡና ቢቀርብላቸው ይረዷችኋል፤ የእድር ሰዎች የማንን ቤት አቅም ያጡታል? ጌታ ግብዣ ስታደርግ ድሆችን፣ ጕንድሾችን፣ አንካሶችን፣ ዕውሮችን ጥራ፣ የሚመልሱት የላቸውምና ብሏል (ሉቃ. 14፥13-14)። ከዛፍ ያልወረደ ቡና ላይ የተወሰደ ብድር ዋጋው ቢወርድ ወይም ዝናብ ቢያበላሸው የሚከፍለው ማን ነው? እናትሽ ናት። መበለትን ባለ ዕዳ አድርጎ የሚያሳርፍ ተዝካር በየትኛውም መጽሐፋችን የለም።

አክስትሽን ግን በዚህ ቃል አትናገሪያት። እርሷን የሚያስጨንቃት የወንድሟ ነፍስና «ወንድሟን እንደ ውሻ ቀበረች» የሚል ሐሜት ነው፤ ሁለቱም ልብ ይሰብራሉ። የንስሓ አባታችሁን ወደ ቤት ጥሩና እርሳቸው ይንገሯት። ከእርሳቸው ስትሰማ ይቀላታል። ወንድምሽንም በክርክር አትያዢው። አባታችሁ ከተወው እህል ላይ ጥቂት አስጋግራችሁ በቤተ ክርስቲያን ደጅ ላሉት ስታከፋፍሉ አብሮሽ እንዲቆም ለምኚው፤ ድሃ ማብላትን እርሱም አይቃወምም።

ለአርባው እንዲህ አድርጊ። የአባትሽን የክርስትና ስም ከአሁኑ አረጋግጪ፤ በቤት የሚጠራበት ስም ለጸሎቱ አይበቃምና ብዙ ቤተሰብ በዕለቱ ይቸገራል። እናትሽ ካላወቀች የክርስትና አባቱን ወይም ልጆቻቸውን ጠይቂ፤ ካልተገኘም በተጠመቀበት አካባቢ ያለውን ደብር። ስሙን ጽፈሽ ለንስሓ አባትሽ ስጪ፣ የምታቀርቢውን ዕጣንና ጧፍ ይዘሽ ከቅዳሴው በፊት ድረሺ። እናትሽንም ይዘሻት ነይ፤ በዚያው ዕለት እርሷም ስለ ራሷ ከአባ ጋር ትነጋገር።