ስቴንለስ ብየዳው ዳር ለምን ይበሳል? ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ የማኅበራችን የወተት ታንከር 304 ከሚባለው የስቴንለስ ዓይነት የተሠራ ነው። ብዙም ሳይቆይ ብየዳው ዳርና ዳር መርፌ የሚያህል ቀዳዳ አወጣ። ስቴንለስ አይዝግም አልነበር እንዴ?

መልስ፦ ይዝጋል፣ አዛዛጉ ነው የሚለየው። ስቴንለስን የሚጠብቀው ክሮሚየም ነው። 304 ውስጥ 18 በመቶ ገደማ አለ። ክሮሚየሙ ከኦክስጅን ጋር ተዋህዶ በዓይን የማይታይ ስስ ሽፋን ይሠራል፤ ሽፋኑ ቢቧጨርም መልሶ ይገጥማል። ስትበይዱ ግን ሙቀቱ ክሮሚየሙን ወደ ላይ ይስበዋል። ብየዳው ዳር የሚቀረው ሰማያዊና ቡናማ ቀለም የዚህ ምልክት ነው። ከቀለሙ ሥር ያለው ብረት ክሮሚየም አንሶታል። ክሎራይድ (ጨው ውስጥ የሚገኘው) ያለበት ውሃ እዚያ ሲያርፍ መብሳት ይጀምራል። ቀዳዳው አንዴ ከተከፈተ ውስጡ ያለው ውሃ አሲድ እየሆነ ይሄዳል። ለዚህ ነው ከላይ ነጥብ የምትመስለው ውስጧ ሰፍቶ የሚገኘው። ለመሆኑ ታንከሩን በምን ታጥቡታላችሁ?

ጥያቄ፦ በበረኪና ነው፤ አንዳንዴ አሳድረንበት።

መልስ፦ በረኪና ክሎራይድ አለበት፣ ማሳደሩ ደግሞ ያባብሰዋል። ለወተት ዕቃ በተዘጋጀ ማጠቢያ እጠቡና በደንብ አለቅልቁት። አደራ፣ በረኪናና አሲድ አታገናኙ፤ መርዛማ ጋዝ ይወጣል።

ጥያቄ፦ በያጅ ነኝ። ቀለሙን በሽቦ ብሩሽ እፈገፍገዋለሁ። አይበቃም?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ብሩሹ የተራ ብረት ከሆነ ዝገት እየዘራህበት ነው። ለስቴንለስ ብቻ የለየኸው የስቴንለስ ብሩሽ ይኑርህ። እሱም ቢሆን ቀለሙን እንጂ ሥር ያለውን ደካማ ንጣፍ በቅጡ አያነሳም። እሱን የሚያነሳው የናይትሪክና የሃይድሮፍሎሪክ አሲድ ቅባት ነው። ሃይድሮፍሎሪክ ቆዳ አልፎ አጥንት ድረስ ይዘልቃል። ጓንት፣ የፊት መከላከያና የካልሲየም ግሉኮኔት ጄል (አሲዱ ቆዳ ሲነካ የሚቀባ) አጠገብህ ከሌለ አትንካው። እጅ የማይገባበት ቱቦ ከሆነ ቀለሙ ከመነሻው እንዳይወጣ ገና ሳትበይድ ውስጡን አርጎን የተባለውን ኦክስጅን የሚያስወጣ ጋዝ ሙላው።

ጥያቄ፦ ዱባይ ባሕር ዳር የደረጃ መደገፊያ እየሠራን ነው። 316 የሚባለውን ስቴንለስ ብናደርገው ይሻላል?

መልስ፦ አዎ። ከ2 በመቶ በላይ ሞሊብዲነም የተባለ ብረት ስላለው ጨውን ከ304 በተሻለ ይቋቋማል። 316ኤል (ካርቦኑ ያነሰውን) ምረጡ፣ የብየዳ ሽቦውም 316ኤል ይሁን። ብየዳው ካልጸዳ ግን እሱም ይበላሻል።

ጥያቄ፦ የተበሳውን ታንከር ላዩን ብንደፍነውስ?

መልስ፦ አይሆንም። ንጹሕ ብረት እስክታገኙ ሞርዱት፣ ለ304 በሚሆነው 308ኤል የብየዳ ሽቦ በይዱት፣ ቀለሙን ከውስጥም ከውጭም አንሱ። ቀዳዳው ከበዛ ያንን መስመር ቆርጣችሁ አዲስ ላሜራ አስገቡ።