ጥያቄና መልስ፦ ፖሊስ የቀረጸውን ቪዲዮ ማን ይቆጣጠረዋል?

በሚኒሶታ ግዛት የደረት ካሜራ የሚጠቀም የፖሊስ መሥሪያ ቤት ሁሉ የቀረጸውን መረጃ በየሁለት ዓመቱ በገለልተኛ ኦዲተር ማስመርመር አለበት። ግዴታውን ያመጣው በነሐሴ 2016 ሥራ ላይ የዋለው የግዛቱ ሕግ ክፍል 13.825 ነው። በሚኒያፖሊስና በሴንት ፖል አካባቢ ብዙ ወገኖቻችን ስለሚኖሩ ጥያቄው በተደጋጋሚ ይደርሰናል። ቀናቱና ዓመታቱ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ወንድሜን ፖሊስ መንገድ ላይ አስቁሞት ነበር። እኔም ከጎኑ ስለነበርኩ ድምፄ ተቀድቷል። ቅጂውን ማየት እንችላለን ወይ? እስክንጠይቅ ድረስ ቢያጠፉትስ? (ከሴንት ፖል)

ትችላላችሁ። ምስሉ ወይም ድምፁ የተቀዳ ሰው ሁሉ ቅጂውን የማየት መብት አለው፤ እርስዎም፣ ወንድምዎም።

አጣዳፊው የጊዜው ጉዳይ ነው። የወንጀል ምርመራ ያልተከፈተበት ተራ ቅጂ ሊቆይ የሚገባው ቢያንስ 90 ቀን ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ በጸደቀው የመሥሪያ ቤቱ የማቆያ ሰሌዳ (ቅጂ ለስንት ጊዜ እንደሚቀመጥ የሚወስነው ዝርዝር) መሠረት ይጠፋል፤ ብዙ ቦታ የሚያጠፋውም ሰው ሳይሆን ራሱ ሲስተሙ ነው። ፖሊስ መሣሪያ ተኩሶ ከሆነ፣ ኃይል ተጠቅሞ ከባድ የአካል ጉዳት አድርሶ ከሆነ፣ ወይም በፖሊሱ ላይ መደበኛ አቤቱታ ቀርቦ ከሆነ ግን ቅጂው ቢያንስ አንድ ዓመት መቆየት አለበት። ከእነዚህ አንዱም ባይኖር፣ ለማስረጃነት ሊያስፈልገኝ ስለሚችል ይቆይልኝ ብለው በጽሑፍ ከጠየቁ፣ እስከ 180 ቀን ተጨማሪ ጊዜ የመስጠት ግዴታ አለባቸው።

ደብዳቤው ላይ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የመንገዱን ስም፣ የመኪናውን ሰሌዳ፣ ከቻሉ የፖሊሱን የባጅ ቁጥር ይጻፉ። ሰዓቱን በፈረንጅ አቆጣጠር ማድረግዎን አይርሱ። ማታ 3 ሰዓት ላይ የሆነው ነገር «3፡00» ተብሎ ከተጻፈ ፈላጊው ሌሊት 9 ሰዓትን ወይም ከቀትር በኋላ 9 ሰዓትን ይፈልግና «የለም» የሚል መልስ ይመጣል። «9፡00 ፒ.ኤም.» ብለው ይጻፉ። አቤቱታ ለማቅረብ ካሰቡ ደግሞ በዚያው ደብዳቤ አቤቱታውንም የቪዲዮ ጥያቄውንም ይጥቀሱ። አቤቱታው የሚመዘገበው በውስጥ ጉዳይ ክፍል ነው፤ ቪዲዮው ያለው በሌላ ሲስተም ነው። የአንዱን ለሌላው የሚያሳውቅ ሰው ከሌለ ቪዲዮው እንደ ተራ የትራፊክ ቅጂ ተቆጥሮ በ90ኛው ቀን ይሄዳል። በዚህ ዓይነት የሚጠፋ ማስረጃ ብዙ ነው፤ ተንኮል ሳይኖርበትም ይጠፋል።

መልሱ ቅዳሜ፣ እሑድና በዓላት ሳይቆጠሩ በ10 ቀን ውስጥ ሊደርስዎ ይገባል። ቢሮ ሄዶ ማየት ክፍያ የለውም። ኮፒ ከጠየቁ ግን በቅጂው ውስጥ ያሉና ፈቃዳቸውን ያልሰጡ ሌሎች ሰዎች ይደበዝዛሉ። በሥራ ላይ የነበረውን ፖሊስ ማንነት ማደብዘዝ ግን አይፈቀድም፤ በሕግ የተለየ ጥበቃ ካለው፣ ለምሳሌ በስውር የሚሠራ ከሆነ በቀር።

ፖሊሱ ካሜራውን ጭራሽ ካልከፈተው ኦዲቱ ይደርስበታል? (ከብሩክሊን ፓርክ)

ሕጉን ቃል በቃል ለተከተለ ኦዲተር፣ አይደርስበትም። ሕጉ ኦዲተሩን የሚያዝዘው የተቀረጸው መረጃ በትክክል መመደቡን፣ እንዴት ጥቅም ላይ እንደዋለ፣ በወቅቱ መጥፋቱን፣ ማን እንዳየውና ለማን እንደተላለፈ እንዲያጣራ ነው። ሁሉም የሚነሱት አስቀድሞ ከተቀረጸ ቅጂ ነው። ያልተቀረጸ ነገር በቪዲዮ ሲስተሙ ውስጥ ምንም ዱካ ስለማይተው፣ ከቪዲዮዎቹ ዝርዝር የሚጀምር ኦዲት ንጹሕ ሆኖ ይወጣል።

ነገሩ የወረቀት ጥያቄ ብቻ አይደለም። ሐምሌ 15 ቀን 2017 በሚኒያፖሊስ ጀስቲን ዴመንድ የተባለች ሴት በፖሊስ ጥይት ስትገደል የሁለቱም ፖሊሶች የደረት ካሜራ አልተከፈተም ነበር። በዚያው ዓመት የከተማው የውስጥ ኦዲት ፖሊሶች መቅረጽ ያለባቸውን ሁሉ እንደማይቀርጹ ለምክር ቤቱ አሳወቀ። ያን ማወቅ የተቻለው ቅጂዎችን ከሥራ ጥሪዎች ጋር በማስተያየት ነው። ስለዚህ ኦዲት መጀመር ያለበት ከ911 ጥሪ መዝገብ ነው እንላለን፤ በዚህ አንደራደርም።

የአይቲ ባለሙያ ነኝ። አንድ አነስተኛ ድርጅት የአንድ ከተማ ፖሊስን ኦዲት እንዳግዝ ጠይቆኛል። ምን ልጠይቅ? ከየት ልጀምር? (ከሚኒያፖሊስ)

ከመሄድዎ በፊት እነዚህ እንዲዘጋጁ ይጠይቁ፦ የካሜራዎቹ ዝርዝር ከነመለያ ቁጥራቸው፤ በየቀኑ ስንት ካሜራ ሥራ ላይ እንደዋለ የሚያሳየው መዝገብ (ሕጉ ራሱ ያዝዘዋል፣ ለሕዝብም ክፍት ነው)፤ የካሜራ ደንቡና የማቆያ ሰሌዳው፤ የ911 ጥሪዎች መዝገብ፤ የጠፉትንም ጨምሮ የሁለት ዓመት ቅጂዎች ዝርዝር፤ የተጠቃሚዎች ስምና የፈቃድ ደረጃ፤ ማን መቼ ምን እንዳየ የሚያሳየው ሎግ፤ ወደ ውጭ የተላኩ ቅጂዎች መዝገብ፤ የአቤቱታዎችና የኃይል አጠቃቀም ሪፖርቶች ዝርዝር።

ዝርዝሮቹ ከሲስተሙ ሲወጡ አጠገባቸው ይቁሙ። በኢሜይል የተላከ ኤክሴል ሰው የነካካው ሊሆን ይችላል። በስክሪኑ ላይ የሚታየውን ጠቅላላ ቁጥር ከፋይሉ የረድፍ ብዛት ጋር ያመሳክሩ።

ቀጥሎ ሰዓት። ብዙዎቹ የካሜራ ሲስተሞች ጊዜን የሚያስቀምጡት በዓለም አቀፍ ሰዓት ነው፤ የ911 መዝገብ ደግሞ በአካባቢው ሰዓት። በሚኒሶታ ልዩነቱ በሞቃቱ ወቅት 5፣ በበረዶው ወቅት 6 ሰዓት ነው። ይህን ሳያስተካክሉ ካነጻጸሩ ግማሹ ጥሪ ቪዲዮ የሌለው ይመስላል፤ የማታው ጥሪ ደግሞ ወደሚቀጥለው ቀን ይዘላል። በኅዳር መጀመሪያ ሰዓት ወደ ኋላ በሚመለስበት እሑድ ሌሊት አንዱ ሰዓት ሁለት ጊዜ ስለሚመጣ ያንን ሌሊት በእጅ ይዩት።

አሁን ማነጻጸር ይቻላል። ፖሊሱ ቦታው ከደረሰበት እስከ ለቀቀበት ባለው ጊዜ ውስጥ በስሙ የተቀረጸ ቪዲዮ አለ ወይ? ሁለት ደቂቃ ያህል መፈናፈኛ ይስጡ። ቪዲዮ ያልተገኘለትን ጥሪ ሁሉ ለይተው በፖሊስ፣ በፈረቃና በጥሪ ዓይነት ይደርድሩት። ክፍተት ሁሉ ጥፋት አይደለም፤ መንገድ ላይ እያለ ጥሪው የተሰረዘበት ረዳት ፖሊስ ይኖራል፣ በስልክ የተፈጸመ ጉዳይ ይኖራል። አንድ ስም ወይም አንድ ፈረቃ ደጋግሞ ሲመጣ ግን የካሜራውን የራሱን ሎግ ይጠይቁ። ይህ ሎግ ከቪዲዮው የተለየ ነው፤ መቼ እንደበራ፣ ቁልፉ መቼ እንደተጫነ፣ ባትሪው መቼ እንዳለቀ ይናገራል። «ባትሪ ሞቶብኝ ነው» የሚለው መልስ የሚረጋገጠው ወይም የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው።

የማጥፋቱ ምርመራ በናሙና አይሠራም፤ ሁሉንም ማየት ይቻላልና ሁሉንም ይዩ። ከጠፋበት ቀን ላይ የተቀረጸበትን ቀን ይቀንሱ፤ ከ90 በታች የመጣውን እያንዳንዱን ረድፍ ያስረዱ ይበሉ። ተደጋግመው የሚገኙ ሦስት ስሕተቶች አሉ። አንደኛው «ሙከራ» ወይም «ስልጠና» የሚባል ምድብ በ30 ቀን እንዲጠፋ ተስተካክሎ መገኘቱ ነው፤ ቅጂው የሙከራ መሆኑ ከ90 ቀን በታች ለማጥፋት ምክንያት አይሆንም። ሁለተኛው ከባድ ነው፦ የማቆያው ጊዜ የሚቆጠረው ከተቀረጸበት ቀን ከሆነ፣ የአንድ ዓመት ምድብ የነበረውን የስድስት ወር ቅጂ ወደ 90 ቀን ምድብ ማዛወር በዚያው ሌሊት ማጥፋት ማለት ነው። የምድብ ለውጦችን ታሪክ ብቻውን አውጥተው ይመርምሩ፤ በተለይ ጊዜውን የሚያሳጥሩትን። ሦስተኛው ተቃራኒው ነው፤ ምንም ምድብ ያልተሰጠው ቅጂ ሳይጠፋ ለዓመታት ይቀመጣል። ይህም ጥሰት ነው፤ ሕጉ በሰሌዳው መሠረት ይጥፋ ይላልና፣ ቤቱ ውስጥ የተቀረጸ ሰው ምስል ያለ ምክንያት ተከማችቶ መኖር የለበትም።

ምደባ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። «ትራፊክ»፣ «ስርቆት» የሚሉት የሲስተሙ ምድቦች የሥራ መለያ እንጂ ሕጋዊ ምደባ አይደሉም። ሕጉ የሚጠይቀው መረጃው የግል ነው፣ ለሕዝብ ክፍት ነው ወይስ በምርመራ ላይ ያለ ነው የሚለው ተመዝግቦ እንዲገኝ ነው። መነሻው የግል መሆን ነው፤ ለሕዝብ የሚከፈተው በዋናነት መሣሪያ ሲተኮስ፣ ኃይል ከባድ ጉዳት ሲያደርስ፣ ወይም የተቀረጸው ሰው ራሱ ይከፈትልኝ ሲል ነው። የምርመራ ፋይል ሲዘጋ ምደባው እንደገና መታየት አለበት፤ ማንም የማያስታውሰው ሥራ ይህ ነው።

ለምደባው ናሙና ይበቃል። በዕጣ 60 ቅጂ አውጥተው አንድም ስሕተት ካላገኙ፣ የስሕተቱ መጠን ከ5 በመቶ እንደማይበልጥ በ95 በመቶ እርግጠኝነት መናገር ይችላሉ። አንድ ካገኙ ግን «ከ60 አንድ» ብለው አይለፉት፤ የዚያን ፖሊስና የዚያን ምድብ ቅጂዎች ጨምረው ይክፈቱ። ሲመለከቱ መጀመሪያውን፣ መጨረሻውንና ድምፅ የጠፋበትን ይዩ። ብዙ ካሜራዎች ቁልፉ ከመጫኑ በፊት ያለውን 30 ሰከንድ ያህል ያለ ድምፅ ያስቀምጣሉ፤ ያንን ሆን ተብሎ እንደተዘጋ ድምፅ አይቁጠሩት።

በመጨረሻ ማን አየው የሚለው። ሕጉ ቅጂ የሚያይ ሰው በፖሊስ አዛዡ ወይም በሸሪፉ በጽሑፍ የተፈቀደለት፣ የተገለጸና ተገቢ የሥራ ምክንያት ያለው ይሁን ይላል። የተጠቃሚዎቹን ዝርዝር ከተፈረሙት ፈቃዶች ጋር ጎን ለጎን ያድርጉ። ሥራ የለቀቀ ሰው አካውንት ሳይዘጋ መገኘቱ፣ ብዙ ሰው በአንድ ስም መግባቱ፣ «ምክንያት» የሚለው ሳጥን ባዶ መሆኑ የተለመደ ነው። ለሌላ ፖሊስ መሥሪያ ቤት በሊንክ የተላከ ቅጂ ካለ ጥያቄው በጽሑፍ አለ ወይ? ሊንኩስ ጊዜው ያበቃል?

በከተማ ምክር ቤት እሠራለሁ። የቀረበልን የኦዲት ሪፖርት አራት ገጽ ነው፤ «ችግር አልተገኘም» ይላል። በቂ ነው? (ከሴንት ፖል ዙሪያ)

ገጹ ማነሱ ብቻውን አያስጠረጥርም። ስንት ቅጂ ከስንት እንደታየ፣ እነማን እንደመረጧቸው ካልጻፈ ግን አይቀበሉት። ናሙናውን ፖሊሱ ራሱ መርጦ ከሰጠ ገለልተኛ ኦዲት አልተደረገም። የ911 መዝገብ ተመሳክሯል ወይ? የጠፉት በሙሉ ታይተዋል ወይ? ካለፈው ኦዲት የተሰጡ ማሳሰቢያዎች ምን ደረሱ?

ምክር ቤቱ ውጤቱን መመርመር ግዴታው ነው፤ ጥሰት አለ ብሎ ካመነ ተጨማሪ ኦዲት ማዘዝ ይችላል። ተደጋጋሚና ከባድ ጥሰት መኖሩን ከወሰነ ደግሞ ካሜራዎቹ ሁሉ ሥራ እንዲያቆሙ ማዘዝ አለበት፤ ከዚያ በፊት ግን መሥሪያ ቤቱም ሕዝቡም በግልጽ ስብሰባ መልስ እንዲሰጡ ዕድል ይሰጣቸዋል። ከባድ እርምጃ ስለሆነ ተጨማሪ ኦዲቱን ቀድመው ይጠቀሙበት። ኦዲቱ ካለቀ በኋላ በ60 ቀን ውስጥ ማጠቃለያ ሪፖርቱ ለእናንተም ለግዛቱ ሕግ አውጪዎችም መድረስ አለበት፤ ቀኖቹን ይቁጠሩ።

ሰው በፖሊስ እጅ ሲሞት ቤተሰብ ቪዲዮውን ለማየት ስንት ጊዜ ይጠብቃል?

በ2023 በተሻሻለው ሕግ የሟች የቅርብ ዘመድ፣ የቅርብ ዘመዱ ሕጋዊ ወኪል ወይም የሟች ልጅ ሌላኛው ወላጅ ከጠየቁ በ5 ቀን ውስጥ እንዲያዩ ይደረጋል። ለሕዝብ የሚለቀቀው ከክስተቱ በኋላ በ14 ቀን ውስጥ ነው። አዛዡ ምርመራውን ያደናቅፋል ካለ ይህንኑ በጽሑፍ ማስታወቅ አለበት፤ የተከለከለ ቤተሰብ ፍርድ ቤት መሄድ ይችላል። ሙሉው፣ ያልተቆረጠው ቅጂ ለዘለቄታው ይቀመጣል።

እኔ የምኖረው በዋሽንግተን ዲሲ ነው። እዚህስ?

የዲሲ ሕግ የተለየ ነው። ከንቲባው በየስድስት ወሩ ስንት ሰዓት እንደተቀረጸ፣ ካሜራ ስንት ጊዜና ለምን እንደተበላሸ፣ ካሜራ ባለመክፈት ስንት የውስጥ ምርመራ እንደተጀመረና ውጤቱን ለሕዝብ ማሳወቅ አለበት። ከላይ ያነሣነው የሚኒሶታ ክፍተት እዚያ በግልጽ ተጠይቋል። ተራ ቅጂ እዚያም የሚቆየው 90 ቀን ነው።

የጎረቤቴን ቅጂ ኮፒ አየሁት። የእኔ ፊት ተደብዝዟል፤ ስሜና የልደት ቀኔ ግን በሬዲዮ ሲነገር ይሰማል። ይህ ተፈቅዷል? (ከሮችስተር)

አልተፈቀደም። ማደብዘዝ ማለት ሰውየው እንዳይታወቅ ማድረግ ነው፤ ምስልን ብቻ ሳይሆን ድምፅንም ይመለከታል። ሠራተኞች ፊት ላይ ያተኩሩና የሚረሱት ብዙ ነው፦ ፖሊሱ መንጃ ፈቃድ ሲያነብ፣ ዲስፓች (ፖሊሶችን በሬዲዮ የሚያሰማራው ክፍል) አድራሻ ሲጠራ፣ በፖሊስ መኪናው ኮምፒውተር ላይ የወጣ መረጃ፣ በመስታወት ወይም በመስኮት የሚታይ መልክ፣ የቤት ቁጥር። ለመሥሪያ ቤቱ የመረጃ ኃላፊ በጽሑፍ ያመልክቱ፤ ስምዎ የተጠራበትን ደቂቃና ሰከንድ ይጥቀሱ፣ ኮፒው ተተክቶ በትክክል የተደበዘዘው እንዲሰጥ ይጠይቁ። ዋናው ቅጂ ሳይነካ መቀመጡን በደብዳቤ እንዲያረጋግጡልዎም ይጨምሩበት፤ ማደብዘዙ የሚሠራው በኮፒ ላይ ብቻ ነው።