ሐኪምዎን ይጠይቁ፦ «ወተትሽ ቀጥኗል ይሉኛል»

ጥያቄ፦ «ዶክተር፣ እንደምን ሰነበቱ? የኮምቦልቻ ነዋሪ ነኝ፤ ዕድሜዬ 24 ነው። የመጀመሪያ ልጄን ከወለድኩ ዘጠኝ ሳምንት ሆነኝ። አማቴ ሊያርሱኝ ከቃሉ ገጠር መጥተው አብረውኝ አሉ። ልጄ ማታ ማታ ከአሥራ ሁለት ሰዓት ጀምሮ ታለቅሳለች። አማቴ ‹ወተትሽ ቀጥኗል፣ አያጠግባትም› ብለው የአብሽ ውሃ በስኳር አድርገው በማንኪያ ይሰጧታል። ስትወለድም እንገሩን አስደፍተው ቅቤ አስልሰዋት ነበር። ከፀሐይ ገብቼ ወዲያው ካጠባሁ ምች ይመታታል፣ ባጃጅ ውስጥ ካጠባሁ የሰው ዓይን ያገኛታል ይሉኛል። እኔም ስለማፍር ስታለቅስ መንገድ ላይ እወርዳለሁ። ስትወለድ 3 ኪሎ ነበረች፤ የስድስት ሳምንት ክትባቷን ስትከተብ 4 ኪሎ ከ300 ግራም ሆናለች። ሽንት ጨርቅ በቀን ሰባት ስምንት ጊዜ እቀይራለሁ። ባለቤቴ ሹፌር ነው፤ በሳምንት ሁለት ቀን ቢያድር ነው። ልብስ ፋብሪካ ነው የምሠራው፤ የወሊድ ፈቃዴ ሊያልቅ አንድ ወር አልቀረውም። ወተቴ በእውነት አይበቃትም? ሥራ ስገባስ የዱቄት ወተት ልጀምርላት?»

መልስ፦ እህቴ፣ እንኳን በሰላም ተገላገልሽ። ጥያቄሽን የሚመልሰው ራስሽ የጻፍሽው ቁጥር ነው። ልጅሽ በስድስት ሳምንት 1 ኪሎ ከ300 ግራም ጨምራለች፤ በሳምንት ከ200 ግራም በላይ ማለት ነው። በዚህ ዕድሜ በሳምንት ከ150 እስከ 200 ግራም የምትጨምር ሕፃን በደንብ እየጠገበች ነው። በቀን ከስድስት ጊዜ በላይ መሽናቷ ሁለተኛው ምስክር ነው። ወተትሽ ይበቃታል።

ታዲያ የማታው ለቅሶ ምንድን ነው? የሕፃናት ለቅሶ ከሁለተኛው ሳምንት ጀምሮ እየበረታ ሄዶ ስድስተኛው ሳምንት አካባቢ ይብሳል፤ ሦስት ወር ሲሞላቸው ይረግባል። በአብዛኛው የሚብሰውም አመሻሽ ላይ ነው። በዚያ ሰዓት ብዙዎቹ ሕፃናት ጡት ከለቀቁ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ እንደገና ይፈልጋሉ። እናትየዋ ጡቷ ባዶ የሆነ ይመስላታል፤ ልጅቷ ግን ለነገ እያዘዘች ነው። ጡት የሚሞላው በተጠባ ቁጥር ነውና። የአብሽ ውሃው የሚጎዳውም እዚህ ላይ ነው። ትንሿን ሆድ ይሞላታል፣ ልጅቷ የምትጠባው ይቀንሳል፣ ያን ጊዜ ወተቱም ይቀንሳል። ሳይቆይ የአማትሽ ቃል እውነት ሆኖ ቁጭ ይላል። አብሹን አንቺ ጠጪው፤ ለልጅሽ ግን ስድስት ወር እስኪሞላት ከጡት ሌላ ምንም አይሰጣት፣ ሐኪም ካዘዘው መድኃኒት በስተቀር።

ስለ «መቅጠኑ»፦ የጡት ወተት በእያንዳንዱ ማጥባት መጀመሪያ ላይ ቀጠን ብሎ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ነው፤ እየጠባች ስትቆይ ቅባቱ ይመጣል። ስለዚህ አንዱን ጡት በራሷ እስክትለቅ አጥቢያት፤ ከዚያ ሌላውን ስጫት። ከወተቱ 88 በመቶ የሚሆነው ውሃ ነው። ሐረጎን ወርዶ ኮምቦልቻ ሲገባ ሙቀቱ ሌላ ነው፤ ከደሴ ስወርድ እኔም ኮቴን አወልቃለሁ። ሆኖም በዚያ ሙቀትም ቢሆን ሕፃኗ ውሃ አያስፈልጋትም። ከጠማት ቶሎ ቶሎ ትጠባለች።

የተደፋው እንገር አልፏል፤ በእሱ ራስሽን አትውቀሺ። የጻፍሽልኝ ግን መልካም ነው፤ ይህን የምታነብ ነፍሰ ጡር አትጠፋምና። እንገር ቢጫ፣ ወፈር ያለና ጥቂት ነው። ጥቂት የሆነው በምክንያት ነው፤ በመጀመሪያው ቀን የሕፃን ሆድ በአንድ ጊዜ የሚይዘው አንድ የሻይ ማንኪያ ያህል ብቻ ነው። በውስጡ ልጁን ከተቅማጥና ከሳንባ ምች የሚከላከል ነገር ተከማችቶበታል። ለአማትሽ ሳስረዳ ብሆን በሕክምና ቃል አልጀምርም፤ ስለ ጥጃ ነው የምጠይቃቸው። እንገሩን ያልጠባ ጥጃ እንደማይጠና ከብት ያረቡ እናት ከእኔ በላይ ያውቁታል። ቅቤው ግን ለማንም አይደገም፤ ሕፃን ሲያስነጥሰው ወይም ሲያለቅስ ወደ ሳንባው ገብቶ ከባድ ሕመም ሊያስከትል ይችላል።

ፀሐይ በጡት ውስጥ ያለውን ወተት አያበላሸውም። ከውጭ ስትገቢ ውሃ ጠጪ፣ እጅሽን ታጠቢ፣ አጥቢ። ስለ ሰው ዓይን ከአማትሽ ጋር አትከራከሪ። ሻሽሽን ወይም ነጠላሽን ጣል አድርጊበት፣ የልጅቷ አፍንጫ አየር እንዲያገኝ ተጠንቀቂ፣ ባጃጁም ይሂድ። ደሴ ሰኞ ገበያ ብትሄጂ ልጇን ጡቷ ላይ አድርጋ እህል የምትሰፍር ነጋዴ ታያለሽ፤ ማንም ዘወር ብሎ አያያትም። ኀፍረቱ የመጣው ከቢሮና ከፋብሪካ ኑሮ ጋር ይመስለኛል፤ የተማረችው ስታፍር እናቷ አታፍርም ነበር። ሕፃን ርቧት ስታለቅስ ከባጃጅ የምትወርድ እናት ማየት ያሳዝነኛል። መውረድ የለብሽም።

አሁን በጣም ወደሚያሳስበኝ ነገር ልምጣ። አራስ ቤት በእኛ ዘንድ ክብር አለው። ገንፎው ይገነፋል፣ አጥሚቱ ይፈላል፣ ጎረቤት ተራ ገብቶ ይመጣል፣ ዱዓ ይደረጋል፤ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም በወሎ አራስ ጠይቆ ባዶ እጁን አይገባም። አርባ ቀን ሲያልፍ ግን ቤቱ ጭር ይላል። እናትየዋ እንጀራ ጋጋሪ፣ ልብስ አጣቢ፣ ውሃ ቀጂ ሆና ትመለሳለች፤ ጡት ብቻ ማጥባቱ ደግሞ ገና አምስት ወር ገደማ ይቀረዋል። ብዙ ጊዜ «ወተቴ ጠፋ» ብለው የሚመጡት በዚህ ወቅት ነው። ወተትን ወደ አፍ የሚገፋው ንጥረ ነገር ድካም፣ ሕመምና ሐሳብ ሲበዛ ይታገዳል። ወተቱ ጡት ውስጥ እያለ አልወርድ ይላል። አንቺ የሚያስፈልግሽ ሁለት ተጨማሪ ምግብ በቀን፣ ቀን ላይ አንድ ሰዓት እንቅልፍ፣ የሚያግዝሽ እጅ ነው። የጫት ቅመሙ በወተት በኩል ለሕፃኑ ስለሚደርስ፣ ልማዱ ካለሽ አሁን ተይው።

በ2008 ዓ.ም. በአገራችን የተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከስድስት ወር በታች ካሉ ሕፃናት ጡት ብቻ የሚጠቡት 58 በመቶ መሆናቸውን አሳይቷል። የቀሩት ውሃ፣ የከብት ወተት፣ አብሽ ወይም ሌላ ነገር ይሰጣቸው ነበር። እነዚያን እናቶች ሰነፎች የሚል ሰው የእናት ቤት ገብቶ አያውቅም።

ሥራ በጀመርኩ ሰሞን ደሴ ላይ አንዲት አያት ለልጅ ልጃቸው ቅቤ እንደሰጡ ሲነግሩኝ በሰው ፊት ቆጣኋቸው። አንገታቸውን ደፍተው ወጡ፤ ልጁም ለክትባት ተመልሶ አልመጣም። ይህ እስከ ዛሬ ይከነክነኛል። እኚያ ሴት ስድስት ልጅ አሳድገዋል፤ እኔ ያኔ አንድም አላሳደግኩም ነበር። ከዚያ በኋላ አያቶችን ከደጅ አላስቀምጥም፤ መጀመሪያ እነሱን ነው የማስቀምጠው። አማትሽም ከገጠር የመጡት ላንቺ ብለው ነው። «እማማ፣ ማታ ስታለቅስ እርስዎ አዝለው እሹሩሩ ቢሉልኝ፣ እኔ እስክበላ» ብትያቸው ከማንኪያው ይልቅ ጀርባቸው ይጠቅማታል። ቁርኣን እናቶች ሁለት ሙሉ ዓመት እንዲያጠቡ ይናገራል፤ በዚያው አንቀጽ የምታጠባን እናት መመገብና ማልበስ የአባት ግዴታ መሆኑንም ይናገራል። እሳቸው ይህን ሲሰሙ ለልጃቸው የሚደውሉ ይመስለኛል። ባለቤትሽ በሚያድርባቸው ሁለት ቀናት ሌሊት ልጅቷን አቅፎ ያምጣልሽ፣ ግሳቷን ያስወጣ፣ ጨርቋን ይቀይር።

ስለ ሥራሽ እቅጩን ልንገርሽ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ተከታታይ ቀናት ከደመወዝ ጋር ይሰጣል። ከዚያ በፊት ከወሊድ በኋላ የነበረው 60 ቀን ስለነበር ተሻሽሏል። ሆኖም እኔ «ስድስት ወር ጡት ብቻ» ስልሽ ሕጉ በሦስት ወር ወደ ማሽን ይመልስሻል። ይህ ክፍተት የአንቺ ጥፋት አይደለም። በእርግዝናና ከወለድሽ በኋላ እስከ አራት ወር፣ ሕጉ ለይቶ ከፈቀደው ምክንያት በቀር፣ ከሥራ ሊያሰናብቱሽ እንደማይችሉም እወቂ። አለቃሽን በር ያለው ክፍል፣ ወንበር፣ ውሃና በየሦስት ሰዓቱ ሃያ ደቂቃ ጠይቂ። ለብቻሽ ከምትጠይቂ ሌሎች የሚያጠቡ ሠራተኞችን ይዘሽ ግቢ።

የዱቄት ወተት ከመግዛትሽ በፊት ማለብን ተለማመጂ፤ ከመመለስሽ ሁለት ሳምንት ቀድመሽ ጀምሪ። እጅሽን በሳሙና ታጠቢ። ሞቅ ባለ ጨርቅ ጡትሽን ሸፍኚና በቀስታ አሺው። አውራ ጣትሽን ከላይ፣ ሌባ ጣትሽን ከታች፣ ከጡቱ ጫፍ ሦስት አራት ሴንቲ ሜትር ራቅ አድርገሽ ያዢ። ወደ ደረትሽ ገፋ፣ ጨመቅ፣ ለቀቅ አድርጊ። ጫፉን አትሳቢው። መጀመሪያ ላይ ጠብታ ብቻ ቢወጣ አትደንግጪ፤ በጥቂት ቀናት ይፈስሳል። በፈላ ውሃ የታጠበ ክዳን ያለው ዕቃ ውስጥ አድርጊው። በኮምቦልቻ ሙቀት ከ4 ሰዓት በላይ ውጭ አይቆይ፤ ማቀዝቀዣ ካለ እስከ 4 ቀን ይቆያል። ከጎረቤት ማቀዝቀዣ መለመን ነውር የለውም። አማትሽ በሲኒ፣ ልጅቷን ቀና አድርገው፣ በቀስታ ይስጧት። ጡጦ ማጽዳት ይከብዳል፤ ጡትም ያስተዋታል። የሚቻል ከሆነ በምሳ ሰዓት እስከ ፋብሪካው በር ያምጡልሽ። ማታና ሌሊት አጠገብሽ ተኝታ ትጥባ፤ ቀን የጎደላትን ሌሊት ታካክሳለች።

ሥራ ቦታ ጡትሽ ሞልቶ ሳይታለብ ከዋለ ይጠጥራል። ቀልቶ ካመመሽና ትኩሳት ከመጣ ማጥባቱን ሳታቋርጪ ጤና ጣቢያ ሂጂ። ልጅቷ ጡት እምቢ ካለች፣ ከተኮሰች፣ ትንፋሿ ከፈጠነ፣ ካንቀጠቀጣት ወይም ለመንቃት ከከበዳት ሌሊትም ቢሆን አትቆዪ። አንቺም ቀን ቀን ሲያስለቅስሽና ምንም ደስ የማይልሽ ከሆነ ያው ነው፤ ንገሪን።

የልጅሽ የ10 ሳምንት ክትባት ደርሷል። በዚያ ቀን አማትሽን ይዘሽ ሂጂ። ነርሷ ልጅቷን ሚዛን ላይ ስታስቀምጣት እሳቸው አጠገቡ ይቁሙ፤ ቁጥሩ ጮክ ብሎ ይነበብላቸው።