መንግሥት እስከየት ይገባል? ስለ ማጨስ ክልከላው ጥያቄና መልስ

የዛሬው መድረክ ለሁሉም ጥያቄ ክፍት ነው። የምንነጋገረው ስለ አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ነው፤ ትምባሆን፣ ሺሻንና የአልኮል ማስታወቂያን የነካው የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ። አስቀድሜ አንድ ማሳሰቢያ፦ የሚያጨስ ሰው ስታዩ ከሰውየው ጋር አትጋጩ፤ የቦታውን ኃላፊ ጥሩ። ማስከበር የእሱ ግዴታ ነው።

የሕግ ተማሪ፦ ሳንባው የእኔ ከሆነ መንግሥት ምን አገባው?

መልስ፦ ሳንባህን ማንም አልነካብህም። አዋጁ ማጨስን አልከለከለም። 21 ዓመት ከሞላህ ትገዛለህ፣ ቤትህ ታጨሳለህ። የተከለከለው ጣራና ግድግዳ ያለው የሕዝብ መገልገያ፣ የሥራ ቦታና የሕዝብ ማመላለሻ ውስጥ ነው። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 የግል ሕይወትን ይጠብቃል። ገደብ የሚፈቅደውም በአስገዳጅ ሁኔታ፣ በዝርዝር ሕግ፣ ለተቆጠሩ ዓላማዎች ብቻ ነው፤ ከእነሱ ውስጥ ጤናና የሌሎች ሰዎች መብት አሉበት። ስለዚህ ክርክሩን ስታነሳ ደንበኛውን ትተህ አስተናጋጇን አስብ። ደንበኛው ማኪያቶውን ጠጥቶ በግማሽ ሰዓት ይወጣል። እሷ ግን ትሪ ይዛ ሙሉ ፈረቃዋን እዚያው ጭስ ውስጥ ትውላለች። «ካልተመቻት ትተወው» የሚል ሰው ነፃነትን ለአንዱ ብቻ ነው የሚያድለው።

ካፌ ከፋች፦ ጋሼ፣ ለአጫሾች የተለየ ክፍል በመስታወት ከፍዬ ጥሩ ማራገቢያ ብገጥምስ? የሁሉም መብት ይከበራል ብዬ ነው።

መልስ፦ ሕጉ የቤት ውስጥ ማጨሻ ክፍል አይፈቅድም። የተከለከለበትን ምክንያት ግን በቁጥር ላሳይህ፤ ብዙ ሰው ገንዘቡን የሚያባክነው እዚህ ላይ ነው።

ክፍልህ 5 በ4 ሜትር፣ ከፍታው 3 ሜትር ቢሆን 60 ሜትር ኩብ አየር ይይዛል። በሰዓት 300 ሜትር ኩብ የሚስብ ማራገቢያ ብትገጥም አየሩ በሰዓት 5 ጊዜ ይቀየራል። ደህና ይመስላል። ችግሩ አንዱ ሲያጠፋ ሌላው ይለኩሳል፣ ጭሱ አያቋርጥም። ጭሱን በግማሽ ለመቀነስ ማራገቢያው እጥፍ መሆን አለበት። ወደ አሥረኛው ለማውረድ በሰዓት 3,000 ሜትር ኩብ ያስፈልግሃል፣ ማለትም 50 ጊዜ መቀየር። ያኔ ሶፍቱ ከጠረጴዛው ላይ ይበርራል፣ የቀረው አሥረኛም ያው መርዝ ነው።

ቀጥሎ በሩ አለ። ተከፍቶ በተዘጋ ቁጥር እንደ ወናፍ ጭሱን ወደ አዳራሹ ይገፋል። ማራገቢያው ክፍሉን እየሳበ እስካለ ድረስ አየሩ ከአዳራሹ ወደ ክፍሉ ይሄዳል፤ መብራት ሲጠፋ ግን ሊገለበጥ ይችላል። ግድግዳ ላይ የሚሰቀለውን ኤሲ ደግሞ እርሱት። አብዛኛው ኤሲ ከውጭ አየር አያስገባም፣ ያንኑ አየር አቀዝቅዞ ይመልሰዋል። የአየር ማጣሪያ ማሽንም ብናኙን ይይዝ ይሆናል እንጂ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለውን መርዛማ ጋዝ አይዝም።

ገንዘብህን ውጭ ላይ አውል። ሜትር ያዝና ከበሩ፣ ከሚከፈት መስኮት ሁሉ፣ አየር ከሚያስገባ ቀዳዳ ሁሉ 10 ሜትር ለካ፤ ከዚያ በቀረበ ርቀት ማጨስ ክልክል ነው። የማይከፈት መስታወት አይቆጠርም። ሰው የሚሳሳተው ከዋናው በር ብቻ እየለካ የኩሽናውን መስኮት ሲረሳ ነው። ከበሩ ጋር የተያያዘ በረንዳ በዚህ ልኬት ይወድቃል። ግቢህ ጠባብ ከሆነ ማጨሻ ቦታ የለህም፣ በቃ። መተርኮሻውንም ከጠረጴዛ ላይ አንሳ፤ መተርኮሻ እያለ የተለጠፈ ምልክት ማንም አያምነውም።

ስም የለሽ፦ ቅጣቱ ስንት ነው?

መልስ፦ አዋጁ ላይ አንብበው። ከቲክቶክ ቁጥር አትውሰዱ።

ታክሲ ተሳፋሪ፦ መስኮቱ ክፍት ከሆነ ሚኒባስ ውስጥ ይቻላል?

መልስ፦ አይቻልም።

ካፌ ከፋች 2፦ እኔም ለአጫሾች ክፍል ልለይ አስቤ ነበር፣ ማራገቢያው ትልቅ ቢሆንስ?

መልስ፦ ከላይ በቁጥር ጽፌዋለሁ። እባካችሁ ከመጠየቃችሁ በፊት አንብቡ።

ጥርጣሬ ያለው፦ መንግሥት ራሱ ትምባሆ ሲሸጥ ኖሮ ዛሬ ስለ ጤናችን ቢያወራ ማን ያምነዋል?

መልስ፦ ትክክለኛ ጥያቄ ነው። ብሔራዊ ትምባሆ ድርጅት የመንግሥት ነበር። ጃፓን ቶባኮ እ.ኤ.አ. በ2016 40 በመቶውን በ510 ሚሊዮን ዶላር ገዛ፣ በዓመቱ ድርሻውን ከ70 በመቶ በላይ አደረሰ። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ደግሞ በሲጋራ ላይ 30 በመቶና በፓኮ 8 ብር ጣለ። ገንዘቡ ወደ መንግሥት መግባቱን አልክድም። ያ ግን የአስተናጋጇን አየር አያጠራም።

የሰፈር ልጅ፦ ቤቴ ሺሻ ባጨስ ፖሊስ ሰብሮ ይገባል?

መልስ፦ አዋጁ ሺሻን ማምረት፣ ማስገባት፣ ማከፋፈልና መሸጥን አግዷል። ቤት መፈተሽ ሌላ ጉዳይ ነው። የ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ በመርህ ደረጃ የፍርድ ቤት ማዘዣ ይጠይቃል። ማዘዣው የሚፈለገውን ነገር ይገልጻል፣ ፍርድ ቤቱ ሌላ ካላለ ፍተሻውም ከጠዋቱ 12 እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት ነው። የተለዩ ሁኔታዎች አሉ፤ አንቀጽ 32ን እና 33ን አብራችሁ አንብቡ። እኔ ለመብት ስከራከር የምቆመው እዚህ በር ላይ ነው፤ ጤና ተብሎ የማንም መኝታ ቤት መከፈት የለበትም።

የለንደን ልጅ፦ ሲጋራ ሲጋራ ትላላችሁ፣ ጫትስ? እንግሊዝ እ.ኤ.አ. ሰኔ 24 ቀን 2014 ከለከለችው። የራሷ የአደንዛዥ ዕፅ አማካሪ ምክር ቤት ክልከላ አያስፈልግም ብሎ ነበር።

የቴል አቪቭ እህት፦ እዚህ ቅጠሉ ይቃማል። የታገደው ከጫት የሚወጣው ካቲኖን ብቻውን በእንክብል ሲሸጥ ነው።

የድሬ ሰው፦ ጫት ከተከለከለ ገበሬው ምን ይበላል?

የለንደን ልጅ፦ የትምባሆ ገበሬስ አልነበረም እንዴ?

የድሬ ሰው፦ ወንድሜ፣ የሐረርጌን ማሳ ከጎዳና ሲጋራ ጋር አታወዳድር።

መልስ፦ ወደ ርዕሱ ተመለሱ። ጫት የሚቅም ሰው ጎረቤቱን ጭስ አያስተነፍስም፤ ክርክሩ ሌላ ነው፣ ሌላ ቀን።

ቡና ወዳድ፦ ዕጣኑና የከሰሉ ጭስስ? እሱም የሰው ሳንባ ውስጥ ይገባል፣ ለምን አልተከለከለም?

መልስ፦ ይህን ጥያቄ ስጠብቅ ነበር። የዕጣን ጭስ ብናኝ አለው፣ አስም ያለበትን ሰው ያስነሳበታል። ስለዚህ ትንሽ ጣሉ፣ መስኮት ክፈቱ። እኔን በእውነት የሚያስፈራኝ ከሰሉ ነው። ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም። ከደም ጋር የሚጣበቀው ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ በርትቶ ነው። ሰው «ጭሱ ጠፍቷል፣ ፍም ሆኗል» ብሎ ማንደጃውን ወደ ቤት ያስገባል፤ ስህተቱ እዚህ ነው። ጭስ የሌለው ቀይ ፍምም፣ አመድ የለበሰውም፣ ጋዙን ያወጣል።

ከሰሉን ውጭ አቀጣጥሉ። ወደ ውስጥ ካስገባችሁ ፊት ለፊት የሚተያዩ በርና መስኮት ክፈቱ፣ አየሩ ያልፍ ዘንድ። አንድ በር ብቻ መገርበብ አይበቃም። ቡናው ሲያልቅ ማንደጃውን አውጡ። በክረምት ብርድ መኝታ ቤት ውስጥ አስቀምጦ መተኛት ቤተሰብን በአንድ ሌሊት ይጨርሳል። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽና ማዞር ብዙ ሰው ላይ አብሮ ከጀመረ ከሰሉ ነው፤ ሁሉንም ወደ ውጭ አውጡና ኦክስጅን ወዳለበት ጤና ተቋም ውሰዱ። ራሱን የሳተ ሰው አፍ ውስጥ ወተት አታፍስሱ፣ ያንቀዋል።

ሕግ ይውጣ ወይ ላላችሁ፣ አይውጣ። ቡና የሚፈላበት ቤት ውስጥ ተቆጣጣሪ መላክ አይቻልም፣ መላክም የለበትም። የሚያስፈልገው ይህን እያንዳንዱ ቤት እንዲያውቀው ማድረግ ነው፤ እናቶቻችንን ንገሩልኝ።

ኮንዶሚኒየም ነዋሪ፦ ከታች ያለው ጎረቤቴ በረንዳው ላይ ያጨሳል፣ ጭሱ ልጄ አልጋ ድረስ ይመጣል። ላናግረው?

መልስ፦ በንዴት አታናግሪው፤ መጀመሪያ ላይ አትጋጩ ያልኩትን አስታውሺ። በረንዳው የእሱ ቤት ነው፣ አዋጁ እዚያ አይደርስልሽም። መጀመሪያ ጭሱ በየት እንደሚገባ እዪ። በመስኮት ከሆነ እሱ በሚያጨስበት ሰዓት ዝጊው። በመታጠቢያ ቤቱ የአየር ቀዳዳ ከሆነ ወረቀት አስጠግተሽ ሞክሪ፤ ወደ ውስጥ ከተገፋ ጭሱ በዚያ ነው፣ ሲከፈት ወደ ውጭ የሚስብና ሲጠፋ የሚዘጋ ክዳን ያለው ማራገቢያ አስገጥሚ። ከዚያ ለነዋሪዎች ማኅበሩ በጽሑፍ አቅርቢ። በአዋጅ 370/1995 መሠረት ማኅበሩ መተዳደሪያ ደንብ አለው፤ ስለ ደረጃና ስለ ኮሪደር ማጨስ እዚያ ላይ ማስወሰን ይቻላል። በረንዳውን ግን በሰዓት ተስማሙ፤ ልጁ የሚተኛበትን ሰዓት በትክክል ንገሪው።