አንድ ቴራባይት የተባለው ዲስክ ለምን 931 ጊጋባይት ሆነ?

ጥያቄ፦ የመጽሔቱ አዘጋጆች እንደምን ሰነበታችሁ። የሠርግ ቪዲዮ በመቅረጽና በማቀናበር የምተዳደር ሰው ነኝ። የደንበኞቼን ሥራ ላስቀምጥበት ብዬ ማሸጊያው ላይ «1 ቴራባይት» የሚል የተጻፈበት ሃርድ ዲስክ በቅርቡ ገዛሁ፤ ኮምፒውተሬ ላይ ስሰካው ግን 931 ጊጋባይት ብቻ አሳየኝ። ሻጩን ተመልሼ ብጠይቀው «ሁሉም እንዲሁ ነው» አለኝ፤ እኔም ተታለልኩ ብዬ ተጣልቼው ወጣሁ። በዚያ ላይ የኢንተርኔት መስመርህ 10 ሜጋ ነው ተብዬ እየከፈልኩ፣ 700 ሜጋባይት የሆነ ቪዲዮ ለማውረድ አሥር ደቂቃ ሊሞላ ጥቂት እስኪቀረው ድረስ እጠብቃለሁ። በሰከንድ 10 ሜጋ ከሆነ በ70 ሰከንድ ማለቅ አልነበረበትም?

መልስ፦ ጠያቂያችን፣ በመጀመሪያ ሻጩ እውነቱን ነግሮዎታልና ቢታረቁት ደስ ይለናል። ከዲስኩ የጎደለ ነገር የለም፤ የተለያየው መስፈሪያው ነው። ያው አንድ ክምር እህል በትንሽ ቁና ሲሰፈር ቁጥሩ ይበዛል፣ በትልቅ ቁና ሲሰፈር ያንሳል፤ የእርስዎም ዲስክ የገጠመው ይኸው ነው።

ዲስክ ሠሪዎች እንደ ኪሎግራምና እንደ ኪሎሜትር ሁሉ ኪሎን ሺህ፣ ሜጋን ሚሊዮን፣ ጊጋን ቢሊዮን፣ ቴራን ደግሞ ትሪሊዮን አድርገው ስለሚቆጥሩ፣ 1 ቴራባይት ለእነርሱ 1,000,000,000,000 ባይት ነው። ዊንዶውስ ግን ከአንዱ መለኪያ ወደ ሌላው የሚሻገረው በ1000 ሳይሆን አሥር ሁለቶች እርስ በርስ ሲባዙ በሚገኘው በ1024 ነው። በዚህ ስሌት አንድ ጊጋባይት 1024 ሦስት ጊዜ ተባዝቶ 1,073,741,824 ባይት ይሆናል፤ ትሪሊዮኑን ለዚህ ቁጥር ሲያካፍሉት 931 ያገኛሉ። ዓለም አቀፉ የኤሌክትሮቴክኒክ ኮሚሽን በ1998 እ.ኤ.አ. በ1024 ለሚቆጠሩት መለኪያዎች ኪቢባይት፣ ሜቢባይት፣ ጊቢባይት የሚሉ የተለዩ ስሞች አውጥቶላቸው ነበር፤ ዊንዶውስ ግን እስከ ዛሬ ድረስ በጊቢባይት ቆጥሮ «ጊጋባይት» ብሎ ይጽፋል። ግራ መጋባቱ የሚመጣው ከዚህ ነው፤ በእኛ እምነትም መታረም የሚገባው ይህ አጻጻፍ ነው። የማክ ኮምፒውተሮች ከ2009 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሺህ ስለሚቆጥሩ፣ ያንኑ ዲስክ እዚያ ቢሰኩት 1 ቴራባይት ይልዎታል።

ከፈለጉ በዊንዶውስም ቢሆን በዓይንዎ ሊያረጋግጡት ይችላሉ። የዲስኩን ምልክት በማውሱ ቀኝ ቁልፍ ተጭነው «ፕሮፐርቲስ» የሚለውን ሲከፍቱ፣ ጠቅላላው መጠን በሁለት መልክ ጎን ለጎን ተጽፎ ይታያል፤ በአንድ በኩል በትሪሊዮን የሚቆጠረው የባይት ብዛት፣ በሌላ በኩል 931 ጊጋባይት። እርግጥ ነው፣ ያልያዙትን መጠን እንደያዙ አድርገው ለኮምፒውተሩ የሚናገሩ ሐሰተኛ ፍላሾች ገበያ ላይ አሉ። እነዚህ የሚጋለጡት እስኪሞሉ ድረስ ፋይል ተገልብጦባቸው፣ የተገለበጠው ሁሉ ተመልሶ ሲከፈት ነው። ትልቅ ቁጥር አሳይቶ ግማሹ ፋይል አልከፈት የሚል ዕቃ ከገጠመዎት፣ ያን ጊዜ መጣላት ይገባዎታል።

ወደ ኢንተርኔቱ ስንመጣ፣ ችግሩ የተደበቀው ሁላችንም አሳጥረን በምንጠራት «ሜጋ» ውስጥ ነው። የመስመር ፍጥነት የሚለካው በሜጋቢት ሲሆን የፋይል መጠን የሚለካው በሜጋባይት ነው፤ ቢት ዜሮ ወይም አንድ ብቻ የሚይዝ የመጨረሻው ትንሹ መለኪያ ነው፣ ስምንት ቢት ደግሞ አንድ ባይት ይሆናል። ስለዚህ 10 ሜጋቢት ለ8 ሲካፈል በሰከንድ 1.25 ሜጋባይት ይሆናል፤ 700 ሜጋባይት ለ1.25 ሲካፈል ደግሞ 560 ሰከንድ፣ ማለትም 9 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ ይመጣል። የጠበቁት ጊዜ ከዚህ ጋር ስለሚገጥም መስመርዎ የተባለውን ፍጥነት እየሰጠዎት ነው።

ባይት ምን ያህል እንደሆነ ለመገመት የራሳችንን ፊደል ማየት ይበቃል። ዛሬ በስፋት በሚሠራበት ዩቲኤፍ-8 በተባለው አጻጻፍ አንድ የላቲን ፊደል አንድ ባይት ሲወስድ አንድ የግእዝ ፊደል ሦስት ባይት ይወስዳል፤ አምስት ፊደል ያለው «ኢትዮጵያ» የሚለው ቃል 15 ባይት ነው። የስልክ አጭር መልእክት ደግሞ 140 ባይት ብቻ ስለሚይዝና በዚያ ፊደላችን በሁለት ሁለት ባይት ስለሚጻፍ፣ በእንግሊዝኛ አንዱ ፊደል እዚያ በ7 ቢት ብቻ ስለሚጻፍ 160 ፊደል የሚችለው አንድ መልእክት በአማርኛ በ70 ፊደል ይሞላል።

ለሥራዎ የሚጠቅመውን ስሌት እንጨምርልዎ። ካሜራዎ በሰከንድ 50 ሜጋቢት የሚቀርጽ ከሆነ፣ 50ን በ3600 ሰከንድ አባዝተው ለ8 ሲያካፍሉት ለአንድ ሰዓት ቀረጻ 22,500 ሜጋባይት ወይም 22.5 ጊጋባይት ያገኛሉ። በማሸጊያው ቁጥር 1000 ጊጋባይት የሆነው ዲስክዎ፣ ባዶውን ከጀመሩ፣ 44 ሰዓት ያህል የሠርግ ቪዲዮ ይይዝልዎታል።